የድስቱ ክዳን

ከጧቱ ባቡር ወርጄ ቁልቁለቱን ስጀምር፣
ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታ ነው፤ የድኝ አየር።
“የገማ እንቁላል!” አልኩ፤ ሎሚ ሻጯ ሰማችኝና
“የኛ ሽቶ ነው” ብላ ሳቀች፤ “ሦስት ቀን ቆይና
አፍንጫህ ይረሳዋል።” ሦስት ቀን አልነበረኝም፤
ከደርሶ መልስ ቲኬት በቀር ኪሴ ሌላ አልያዘም።

ፖዙዎሊ ይሏታል።
እሳተ ገሞራዋ ጫፍ የለው፣ ግርማ የለው፤
ቀና ብለህ አታየውም፤ ከእግርህ ስር ነው ያለው።
ድስት ነው፤ ሰፊ ድስት፤ ግማሹ ባሕር የሰመጠ፣
ሰው ክዳኑ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ልብስ አስጥቶ የተቀመጠ።

ሦስት የእብነ በረድ ዓምዶች ጉድጓድ ውስጥ ቆመው አየሁ፤
አጥሩን ተደግፌ ቆየሁ።
ገበያ ነበር፤ ዓሣና ሥጋ የተቸረቸረበት፤
ኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን ቤተ ጣዖት ነው አሉት።
ከሁለት ሰው ቁመት በላይ፣ ልክ ወገባቸው ላይ፣
ነቀዝ እንደበላው ባቄላ ተበሳስቷል ድንጋይ።
የባሕር ዛጎል ነው የበሳው።
ምድሪቱ ወርዳ ነበር፣ ባሕር ውስጥ፣ ከነዓምዷ፤
ኋላ ቀስ ብላ ተመለሰች፣ ሳትቸኩል፣ ከመንገዷ።

ወደብ ወረድኩ። ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል፤
ውሃው ሸሽቷል። አንድ ሽማግሌ መረብ ይጠግናል።
ፕሮኮሎ ነው ስሙ፤ የከተማው ቅዱስ ስም፤
“እዚህ ብትጣራው” አለኝ፣ “ሦስት ሰው ዞር ሳይል አይቀርም።”
ግንቡ ላይ በቢላ የጫራቸውን መስመሮች አሳየኝ፦
“ይሄ ልጄን የዳርኩ ዓመት፤ ይሄ ሚስቴ የሞተችብኝ፤
ውሃው እዚህ ነበር።” ጣቱ ወረደ፣ ወረደ፤
ከመጨረሻው ጭረት በታች ክንድ ተኩል ያህል ሄደ።
“መሰላሌ ላይ በየጊዜው ደረጃ እጨምራለሁ፤
ባሕሩ አልሸሸም፤ እኔ ነኝ፣ በስልሳ አራቴ አድጋለሁ!”

ከዚያ ሳቁን ዋጠና ወደ ቋጥኙ አሻቀበ፤
አዲስ ቀለም የተቀባ፣ መስኮቱ የተዘጋ ሰፈር አለ።
“ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ምድር ተነሳች፤ እኛንም አስነሳች፤
በአንድ ጧት ሁላችን ተነሺ። እናቴ ፍራሽ ተሸክማ ወጣች።
ወታደሩ ‘ለጥቂት ቀን ነው’ አለ።
ባቄላ ጥዳ ነበር። ባቄላው እሳት ላይ ቀረ።
አውቶቡሱ ሙሉ ሲያለቅስ የኔ ጭንቀት እሱ ነበረ፦
ማን አወረደው? አረረ ወይ?”

ጥቂቱ ቀን ሃምሳ ዓመት አለፈው።
ሰፈሩ ታደሰ፤ ከስሩ የሮማውያን መንገድ ወጣ፤
ፕሮኮሎም እንደ እንግዳ ተሰልፎ፣ ከፍሎ ገባ።
ወጥ ቤታቸው ስር ሲደርሱ አስጎብኚዋ “እዚህ ቦታ
የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ዳቦ ይጋገር ነበር” ስትል በኩራት፣
እጁን አወጣ፦ “ይቅርታ፤ ባቄላም ተጥዶበታል።” ሰው ሳቀ፤
እሱም ሳቀ። “ግን” አለኝ መርፌውን ሰክቶ፣ “ማንም አላወቀ።”

አመሻሽ ላይ፣ አሱንቲና ቤት፣ ዓሣ አዝዤ ስጠብቅ፣
ብርጭቆዬ ውስጥ ውሃው ክብ ሠራ።
ከስር ጋሪ እንደሚያልፍ ጉርምርምታ።
ሹካ ሁሉ አየር ላይ ቆመ።
አንድ ልጅ ስልኩን አይቶ “ሁለት ነጥብ ሦስት” አለ፤
“ሁለት ተኩል ናት!” ብሎ አባቱ ተከራከረ፤
ሹካዎቹ ወደ ሳህኑ ተመለሱ።
“ክዳኑ ነው” አለች አሱንቲና፤ “ሲፈላ ይነሳል፣ ሲበርድ ይወርዳል።”
“ካልበረደስ?” አልኳት።
ዓሣዬ ላይ ሎሚ ጨመቀችልኝ።

ሐዲዱ እየተፈተሸ ነው ተባለ፤ ባቡሩ ዘገየ።
ኋላም ስሳፈር መቀመጫው ከስሬ ይንቀጠቀጣል፤
ሞተሩ ይሁን ምድሪቱ፣ ማን ይለየዋል?
ዋሻው ውስጥ ስንገባ ያቺ ወጥ ቤት ታየችኝ፦
ሰው ጥሎት በወጣ ሰፈር፣
አንዲት ድስት ብቻዋን ስትንተከተክ፣
ክዳኗ ሲነሳ፣
ሲወርድ፣
ሲነሳ።